ጁባ ላይ ገንዘብ ማዋል፦ ወንድሜ 40,000 ዶላር ላክ ይለኛል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደጀን_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የሰው ምግብ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የራሳቸውን ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተዋል። ሽሮው፣ ጥብሱ፣ ቡናው ይሄዳል ይላል። እኔ ዴንቨር ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት መኪና እየነዳሁ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ። አሁን 40,000 ዶላር ላክልኝ እያለኝ ነው። በከፊሉ የውኃ ቦቴ ሊገዛ፣ በቀረው ደግሞ ጉደሌ ሰፈር መሬት ተከራይቶ ባለ 12 ክፍል ማረፊያ ሊሠራ አስቧል። ባለመሬቱ ለ10 ዓመት እፈርማለሁ ብሏል፤ የ3 ዓመቱን ኪራይ ግን በቅድሚያ ይፈልጋል።

ወንድሜ «ምርጫው ካለፈ በኋላ ሁሉም ይጎርፋል፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ መግባት አሁን ነው» ነው የሚለኝ። ምርጫው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2026 ይደረጋል ተብሏል። ባለቤቴ ደግሞ በዜና የምትሰማው ጦርነት ብቻ ስለሆነ የጁባን ስም ስጠራ ፊቷ ይለወጣል። ጁባ የኖራችሁ፣ የሠራችሁ፣ የከሰራችሁም ብትሆኑ የምታውቁትን ንገሩኝ። ወንድሜን አምነዋለሁ፤ አገሩን ነው የማላውቀው።

ኮኞ_ኮኞ፦

ወንድሜ፣ ወንድምህ አልዋሸህም። ግን የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን በአንድ ሒሳብ አስሮ ነው የነገረህ። እስኪ ልፍታልህ።

ጁባ የገባሁት በፈረንጆቹ 2008 ነው፤ ከካርቱም ጋር ከተፈረመው የሰላም ስምምነት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ከነጻነቱ ሦስት ዓመት በፊት። ያኔ ሆቴል የሚባለው ነጭ ዓባይ ዳር የተደረደረ ድንኳንና ኮንቴይነር ነበር፤ ለዚያች ኮንቴይነር በአዳር 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፈልባት ነበር። ሐበሻው ይህን አይቶ ገባ። (ሐበሻ ስል ኢትዮጵያዊውንም ኤርትራዊውንም ነው፤ እዚያ ማንም ለይቶ አይጠራንም።) ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ የውኃ ቦቴውን ያዘው። በጁላይ 2011 ባንዲራው ሲሰቀል ከተማው በደስታ ሲናወጥ አብሬ ጨፍሬያለሁ፤ ያን ቀን ጁባ ላይ መሬት የሌለው ሰው ሞኝ ይመስል ነበር።

ከዚያ የሆነውን ስማ። በጃንዋሪ 2012 ከሰሜኑ ሱዳን ጋር በነዳጅ ቧንቧ ማስተላለፊያ ክፍያ ተጣሉና የነዳጅ ጉድጓዶቹ ተዘጉ፤ እስከ 2013 ኤፕሪል ድረስ። የመንግሥት ገቢ ከመቶ ዘጠና በላይ ከነዳጅ ነበርና ገበያው በአንድ ጊዜ ደረቀ። ዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ በሳልቫ ኪርና በሪክ ማቻር ወታደሮች መካከል ተኩስ ተነሳ። በ2015 ታረቁ ተባለ፣ በጁላይ 2016 እንደገና ተታኮሱ። አሁን ያለው አስተዳደር የቆመበት ስምምነት በ2018 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ነው፤ የሽግግሩ ጊዜና ምርጫው ግን ደጋግሞ ተራዝሟል። በማርች 2025 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪክ ማቻር በቤታቸው በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም። «ምርጫው ካለፈ በኋላ» በሚል ቀን ላይ ገንዘብ አይተከልም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ቦቴው። ከተማዋ ዓባይ ዳር ተቀምጣ ውኃ በቧንቧ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቦቴዎቹ መቅጃው ዘንድ ይሰለፋሉ። ፓምፑ ይነሳል፣ ክሎሪኑ ይጨመራል፣ ሾፌሩ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዘጋል፣ ረዳቱ ቱቦውን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሰፈር ሲገቡ ክላክስ ያደርጋሉ፤ እናቶች ሰማያዊውን በርሜል እያንከባለሉ ወደ በር ያወጡታል። በበርሜል ተቆጥሮ እዚያው ይከፈላል። ዱቤ የለም። ጦርነትም ይሁን ምርጫ፣ ሰው ውኃ ሳይጠጣ አያድርም።

ማታ ላይ የተገኘው የአገሩ ገንዘብ፣ ፓውንዱ፣ ከግማሽ በላይ በዚያው ምሽት ወደ ናፍጣና ወደ ዶላር ይለወጣል። ይህን «በዚያው ምሽት» የሚለውን በደንብ ያዘው፤ ሳምንት ያሳደረው ሰው ከስሯል።

ማረፊያው ሌላ ነው። እኔም ነበረኝ፣ 20 ክፍል። በ2016 ተኩሱ ጋብ ሲል ቦቴዬን በኒሙሌ መንገድ ነድቼ ኡጋንዳ ኤሌጉ ገባሁ፤ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ከማረፊያው በሩ ተነቅሏል፣ ኤሲው ተፈትቷል፣ ፍራሹ የለም፣ ከግድግዳው ውስጥ የመብራቱ ሽቦ ሳይቀር ተስቦ ወጥቷል። ባለመሬቱ ደግሞ ባልነበርኩበት ጊዜ ኪራይ አልከፈልክም ብሎ ጠበቀኝ። ቦቴው ግን እስከ 2021 ሠርቶልኛል።

ነገ_ይበጃል፦

ጋሼ ኮኞ ኮኞ የደረሰብዎት ያሳዝናል፤ ልምድዎንም አከብራለሁ። ግን ወጣቱን ከነጭራሹ እንዳናስፈራው። እኔ ጁባ የመጣሁት በ2019 ነው፤ ያገኘሁት ከተማ እርስዎ ከነገሩን የተለየ ነው።

በ2019 መጨረሻ የመብራት ማመንጫው ሥራ ጀመረ፤ ሰፈሬ መብራት ገብቶልኝ የጄኔሬተር ወጪዬ በግማሽ ቀነሰ። በ2022 ጃፓኖች የሠሩት የዓባይ ድልድይ ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት በዚያ አሮጌ ብረት ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ተራ ሲጠብቅ ይውል ነበር። አገሪቱ ከ2016 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ናት።

ገበያውን እንይ። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ፣ ዱቄቱ ከኡጋንዳ ነው የሚመጣው። ዓባይ መሐሏን የሚያልፍባት ለም አገር እንቁላል ከውጭ ታስገባለች! እኔ ከአንድ አገሬ ሰውና ከአንድ የባሪ (የጁባ አካባቢ ነባር ሕዝብ) ተወላጅ ሽማግሌ ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ብሎ ዶሮ እናረባለን። መኖ ውድ ነው፣ ጫጩት ከካምፓላ ነው የምናመጣው፣ በሙቀት የሞተብንም ቀን አለ። ግን እንቁላላችን ከበር ላይ ነው የሚነሳው። ሽማግሌው ሸሪክ በመሆናቸው ማንም መጥቶ «ከመሬቴ ውጣ» ብሎን አያውቅም። ሁሉም ሰው ኬላ ላይ ቆሞ ሰላሙ እስኪጠና ከጠበቀ ያቺ አገር መቼ ነው የምትሠራው? ሕዝቡ የሚበላውን የሚያመርትለት ሰው ይፈልጋል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ካርቱም_የነበርኩ፦

እህታችሁ ነኝ። ስለ ጁባ አላውቅም፤ ስለ ጎረቤቷ ልንገራችሁ።

ካርቱም ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ከዚያ ሻይና ቡና መንገድ ዳር፣ በመጨረሻ ካፌ። አል በሽር በ2019 ሲወርዱ፣ በዲሴምበር 2020 ሱዳን ከአሜሪካ የአሸባሪ ደጋፊዎች ዝርዝር ስትወጣ፣ ሁላችንም «አሁን ነው» ብለን ነበር። እኔም ያለችኝን ሁሉ አወጣሁ፦ ለቤቱ የቁልፍ ገንዘብ፣ ለማሽኑ፣ ለፍሪጁ፣ ለሴራሚኩ። በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲሆን «ያልፋል» አልኩ፤ ተጨማሪ ዕቃም ገዛሁ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የረመዳን መጨረሻ ላይ ነበር፣ ጠዋት ማሽኑን አሙቄ ሳለ ተኩሱ ተጀመረ።

አሥራ ሁለት ቀን ቤት ተዘግቶብን ቆየን። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ጋላባት፣ ከጋላባት መተማ። ይዤ የወጣሁት በመቀነቴ ያለ ወርቅና አንድ ስልክ ነው። ወርቁን የገዛሁት እናቴ በስልክ «አንድ ነገር በአንገትሽ ይኑር» እያለች ስለወተወተችኝ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ የምሠራባትን ትንሽ ቤት የከፈተችልኝ ያቺ ወርቅ ናት።

ወንድሜ የደጀን ልጅ፣ ለወንድምህ ይህን ጠይቅልኝ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጡ ቢባል፣ ከ40,000 ዶላሩ ምን ያህሉ አብሮት ይወጣል?

ሒሳብ_ሠሪ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር እንኳን በሕይወት አተረፈሽ። ጥያቄሽ እኔ በቁጥር ልጽፈው ያሰብኩት ነው።

ለደጀን ልጅ ሦስት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ፓውንዱ ነው። ጋሼ «ሳምንት ያሳደረው ከስሯል» ያሉትን በሒሳብ ላሳይህ። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የባንኩ ተመን በዶላር 2.95 ፓውንድ ነበር። በዲሴምበር 2015 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 18.5 ገባ። 100,000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጦ በመንግሥት ተመን ዶላር ሊያገኝ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰው በወረቀት ወደ 33,900 ዶላር ነበረው፤ በማግሥቱ 5,400 ገደማ ቀረው። በ2025 ደግሞ አንዱ ዶላር ከ4,000 ፓውንድ በላይ ሆኗል። ወንድምህ «በወር ይህን ያህል ሚሊዮን ፓውንድ እናገባለን» ካለህ ምንም አልነገረህም። በዶላር ይንገርህ፣ ያውም በመንገድ (በጥቁር ገበያ) ተመን።

ሁለተኛው ስም ነው። ቦቴው በማን ስም ነው የሚመዘገበው? ድርጅቱስ? የውጭ ሰው የሚያቋቁመው መካከለኛና ትልቅ ድርጅት ለአገሬው ሰው ድርሻ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ትንንሹ ንግድ ደግሞ ለዜጎች የተተወ ነው። ስለዚህ ብዙው ሐበሻ በደቡብ ሱዳናዊ ስም ይሠራል። ሸሪኩ ደግ ከሆነ ዘመድ ነው፤ ሲሞት ግን ልጆቹ አያውቁህም። የሥራ ፈቃዱንም ተመልከት፦ በ2014 የውጭ ሠራተኛ ይውጣ የሚል መመሪያ ወጥቶ ተቀለበሰ፤ በ2017 ደግሞ ለባለሙያ የፈቃድ ክፍያ 10,000 ዶላር እንዲሆን ተወስኖ እሱም ቆመ። ሁለቱም ቀሩ፣ ግን ለሳምንታት ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ሦስተኛው የማረፊያው እንግዳ ማን ነው? የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ለወራት አያገኝም። ጁባ ላይ በዶላር የሚከፍለው የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅት ሰው ነው፤ በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ ያ ሰው ቀንሷል። 12 ክፍል ሠርተህ ባዶውን ብታሳድረው ናፍጣው፣ ዘበኛው፣ ኪራዩ አይቆምልህም።

ባሮ_ማዶ፦

ከጋምቤላ ነው የምጽፈው። ጁባን ሁሉም በኡጋንዳ በኩል ነው የሚያየው፤ ዕቃው ከሞምባሳ ተነስቶ ካምፓላን አቋርጦ በኒሙሌ ይገባል። በካርታ ብታዩት ግን ከእኛ ፓጋክ ኬላ ማዶ ያለው ሕዝብ ዘይቱንም፣ ጨውንም፣ ሳሙናውንም ከእኛ ቢወስድ ይቀርበዋል። እኔ ፓጋክ ድረስ አሥር ዓመት ዕቃ አመላልሻለሁ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ስትዋኝ አይቻለሁ። ሁለቱ መንግሥታት ከጋምቤላ ወደ ነዳጁ አካባቢ የሚወስድ መንገድ ሊሠሩ ተስማምተዋል፤ ያ ቀን ቢመጣ በደስታ የማለቅስ እኔ ነኝ።

ሆኖም በማርች 2025 ከድንበሩ ማዶ ናስር ላይ ውጊያ ሲነሳ ደንበኞቼ የነበሩት ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ እኛ ተሻገሩ። ዱቤ የያዘብኝ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ባዶ እግሩን መጥቶ «ዕዳህን አልረሳሁም» ሲለኝ ምን ልበለው? ምሳ አበላሁት። ንግዱ ያኔ ቆሟል። ደጀን ልጅ፣ ጁባ ተረጋግታ ብታያት እንኳ ያቺ አገር ጁባ ብቻ አይደለችም። ናስር ወይም ማላካል ላይ የሚሆነው ነገር በሳምንቱ የጁባን ዶላር ያስወድደዋል።

የደጀን_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ካርቱም የነበርሽው፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

ትናንት ከወንድሜ ጋር ሁለት ሰዓት አወራን። የሒሳብ ሠሪን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ቦቴው ያገለገለ ነው፣ 10,000 ሊትር ይይዛል፣ ሻጩ 19,000 ዶላር ብሏል። የሚመዘገበው ምግብ ቤቱን በሚያከራያቸው ደቡብ ሱዳናዊ ስም ይሆናል። «በዶላር ስንት ይተርፋል?» ስለው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና «ቁጭ ብዬ ላስላ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት የላከልኝ ሒሳብ መጀመሪያ ከነገረኝ በግማሽ ያነሰ ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ እሱ ነው፤ እውነቱን ማስላቱ።

የመሬቱን ውል ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። የባለመሬቱ ፊርማና የአውራ ጣት አሻራ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ ሁለት ምስክር ፈርመዋል። የመሬቱ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ግን በእስክሪፕቶ «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ጋሼ ኮኞ ኮኞ፣ ይህ የተለመደ ነው?

ኮኞ_ኮኞ፦

የተለመደ ነው፤ ሰው የሚበላውም በዚህ ነው።

በ2009ኙ የመሬት ሕግ የውጭ ሰው መሬት ባለቤት አይሆንም፤ በሊዝ ግን እስከ 99 ዓመት መያዝ ይችላል። ችግሩ ያለው የሚያከራይህ ሰው ራሱ በምን ይዞታል በሚለው ላይ ነው። ጁባ ላይ መሬቱ የባሪ ማኅበረሰብ ነው፤ የተለካና ቁጥር የወጣለት ቦታ አለ፣ በአለቃው ቃል ብቻ የተያዘም አለ፣ በጦርነቱ ጊዜ ባለቤቱ ሲሸሽ ሌላው የሰፈረበትም አለ። ጉደሌ ውስጥ ሦስቱም ዓይነት በአንድ መንገድ ላይ ታገኛለህ። ቁጥር የሌለው ወረቀት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ትገምታለህ።

ወንድምህ ሄዶ ከመሬት ምዝገባው ቢሮ ቁጥሩን ያጣራ። ከአካባቢው አለቃ ጋር ሻይ ጠጥቶ የመሬቱን ታሪክ ይጠይቅ። የባለመሬቱ ወንድሞችና እናቱ ፈርመዋል ወይ? ከፈረመው ሰው በላይ ያልፈረመው አጎት ነው የሚያባርርህ። የ3 ዓመት ቅድሚያውንም ተወው፤ በየስድስት ወሩ የሚከፈል ከሆነ ባለመሬቱ አንተን ማቆየት ይጠቅመዋል፣ ሦስት ዓመት ከበላ ግን አንተን ማስወጣት ነው የሚጠቅመው።

ቦቴውን በተመለከተ፦ 19,000 ከማለትህ በፊት ሞተሩን ያዳመጠ መካኒክ ይሂድ፣ የታንከሩ ውስጥ ዝገት በባትሪ ይታይ። ቦቴው በስሙ በሚመዘገበው ሸሪክና በወንድምህ መካከል የገንዘቡን እውነተኛ ባለቤት የሚናገር ውል በጠበቃ ይጻፍ፣ የሸሪኩ ሚስትም ትፈርም። የበርሜል ዋጋ በባለሥልጣን ውሳኔ የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ናፍጣ ደግሞ ከጠፋ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሁለት ወር ወጪ በዶላር በእጁ ይኑር።

ነገ_ይበጃል፦

ስለ ውሉ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ያንን ወረቀት እኔም አልፈርምበትም። የእኛን ሽማግሌ ያገኘናቸው አንድ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ ቆይተን ነው፤ ገንዘብ ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምህ ስድስት ዓመት ኖሯል፣ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ጁባ ሲመጣ ይጻፍልኝ፤ የዶሮ ቤቱን አሳየዋለሁ፣ እንቁላሉንም ለምግብ ቤቱ በጅምላ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ካርቱም_የነበርኩ፦

እኔም አንድ ነገር ልበል። ወንድምህን «አላምንህም» እንዳይመስለው አድርገህ ንገረው። በስደት ያለ ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚሰበረው በዚህ ነው።

የደጀን_ልጅ፦

እሺ፣ እንዲህ ተስማምተናል። ማረፊያው ቀርቷል፤ ቢያንስ የመሬቱ ቁጥር እስኪታወቅ። ቦቴውን እገዛለሁ፣ የሁለት ወር ወጪውን ጨምሬ 23,000 እመድባለሁ፤ የቀረው እዚሁ ይቆያል። ወንድሜ መጀመሪያ አኩርፎ ስልኩን ዘጋብኝ። ማታ ላይ ግን መልሶ ደወለና «መካኒኩን አግኝቻለሁ፣ ነገ ጠዋት ጀበል ገበያ ሄደን ሞተሩን እናያለን» አለኝ። ባለቤቴም «ውኃ ከሆነ እሺ» ብላለች።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ገንዘቡን በባንክ ልላክ ወይስ በመጪው ወር በአዲስ አበባ በኩል ሳልፍ ይዤው ጁባ ልግባ? ቦቴውንም በዓይኔ ባየው ደስ ይለኛል።

ኮኞ_ኮኞ፦

በዓይንህ ማየትህ ጥሩ ነው፣ ሂድ። የገባበት ባንክ በዶላር እንደሚከፍል በጽሑፍ ካላረጋገጠ በስተቀር በባንክ ወደ ጁባ አትላክ፤ እኔ አንድ ባንክ ውስጥ በገዛ ዶላሬ አራት ወር ተመላልሻለሁ። ከባንክ ወደ ባንክ ለሻጩ ውጭ ባለው ሒሳብ መክፈል ከተቻለ ከሁሉ እሱ ይሻላል፤ ኡጋንዳ ሒሳብ ያላቸው ሻጮች ብዙ ናቸው።

በእጅህ የምትይዘውን ደግሞ ትንሽ አድርገው፤ ከአሜሪካ ስትወጣ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ማስመዝገብ ግዴታህ ነው፣ አዲስ አበባም ስትገባ ለጉምሩክ አስመዝግበህ ወረቀቱን ያዝ። ዶላሩንም አይተህ ውሰድ፦ ጁባ ላይ ያረጀ ዶላር አይቀበሉህም፣ የተቀደደም፣ እስክሪፕቶ የነካውም። ሰማያዊ መስመር ያለውን አዲሱን መቶ ከባንክህ ጠይቅ፣ ሳታጥፈው መጽሐፍ ውስጥ አስገብተህ ያዘው።